የካሊፎርኒያን የግብር ማመጣጠኛ ቦርድ አባል አውቆ ለመምረጥ

በካሊፎርኒያ የገዥው ምርጫ በሚካሄድባቸው ዓመታት፣ ማለትም እንደ እ.ኤ.አ. 2018፣ 2022 እና 2026 ባሉት፣ በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ «ስቴት ቦርድ ኦፍ ኢኳላይዜሽን» የሚል ርእስ ይገኛል። በአማርኛ የግብር ማመጣጠኛ ቦርድ ልንለው የምንችለው ይህ አካል በመላው አሜሪካ አባላቱ በሕዝብ ድምፅ የሚመረጡ ብቸኛው የግብር ቦርድ ነው። ስሙ ሥራውን ስለማይገልጥ ብዙ መራጭ ባዶ ትቶት ያልፋል፤ የማያልፈውም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ከእጩው ስም ሥር የተጻፈውን ፓርቲ ብቻ አይቶ ምልክት ያደርጋል። ይህ ጽሑፍ የመምረጥ መብት ያለው አንባቢ ቦታው ምን ሥልጣን እንዳለው ለይቶ፣ እጩዎቹንም በዚያው ልክ መዝኖ ድምፁን እንዲሰጥ ለመርዳት የተዘጋጀ ነው።

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ቦርዱ ዛሬ ምን እንደሚሠራ ከማወቅ ነው፤ እጩዎች ብዙ ጊዜ ቃል የሚገቡት ቦርዱ ሊፈጽመው የማይችለውን ነገር ነውና። ቦርዱ የተቋቋመው በ1879 በጸደቀው የግዛቱ ሕገ መንግሥት ነው። በዚያ ዘመን ግዛቱ ገቢውን በአመዛኙ የሚያገኘው ከንብረት ግብር ስለነበር፣ አንድ ካውንቲ የነዋሪዎቹን ንብረት ዝቅ አድርጎ ቢገምት የራሱን ሸክም በሌላው ካውንቲ ላይ ይጥል ነበር። ግምቱ በየካውንቲው እኩል ሚዛን እንዲኖረው ማድረግ የቦርዱ ሥራ ሆነ፤ «ማመጣጠን» የሚለው ስምም ከዚሁ የመጣ ነው። በኋላ የሽያጭ ታክስና ሌሎችም ብዙ ግብሮች ተጨምረውለት እጅግ ግዙፍ መሥሪያ ቤት ለመሆን በቃ። በ2017 ግን የግዛቱ የፋይናንስ መሥሪያ ቤት ባደረገው ምርመራ የቦርዱ አባላት በሠራተኞች ሥራ ጣልቃ እንደሚገቡ በመገለጡ፣ በዚያው ዓመት በወጣ ሕግ የሽያጭ ታክስና አብዛኛው ሌላ ሥራ አዲስ ለተቋቋመ የታክስና የክፍያዎች አስተዳደር መሥሪያ ቤት፣ የግብር ይግባኝ የማየት ሥልጣኑም በአብዛኛው ለአዲስ የይግባኝ ጽሕፈት ቤት ተላለፈ።

የቀረው ሥልጣን ጠባብ ቢሆንም ቀላል ግን አይደለም። ቦርዱ የ58ቱን ካውንቲዎች የንብረት ገማቾች ሥራ ይቆጣጠራል፣ ገማቾቹ የሚመሩባቸውን ደንቦችና መመሪያዎች ያወጣል። ለምሳሌ በ2020 ሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 19 ቤት ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ የቀድሞው ዝቅተኛ ግምት የሚቀጥልበትን ሁኔታ አጥብቧል፤ ሕጉ በየካውንቲው በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲተረጎም መመሪያ የሚሰጠው ይኸው ቦርድ ነው። ከዚህም በላይ የኤሌክትሪክ፣ የጋዝ፣ የስልክና የባቡር ኩባንያዎች መስመራቸው ብዙ ካውንቲዎችን የሚያቋርጥ በመሆኑ የንብረታቸውን ዋጋ በየዓመቱ የሚወስነው የአካባቢ ገማች ሳይሆን ቦርዱ ራሱ ነው። ኩባንያው ግምቱ በዛብኝ ብሎ አቤት ቢልም አቤቱታው የሚታየው በዚያው ቦርድ ፊት ነው። በእኔ እይታ የአባላቱ ድምፅ በቀጥታ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ እጩ ሲመዘን መጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባውም ይህ ነው።

ስለዚህ የእጩውን ቃል ከዚህ ሥልጣን ጋር ያስተያዩ። «የገቢ ግብር እቀንሳለሁ» የሚል እጩ ቢገጥምዎ፣ የግብሩን ልክ የሚወስኑት ሕግ አውጪዎቹና ሕዝበ ውሳኔ መሆናቸውን፣ የሚሰበስበውም ፍራንቻይዝ ታክስ ቦርድ የተባለ ሌላ አካል መሆኑን ያስታውሱ፤ የማመጣጠኛ ቦርዱ ሊቀመንበር በዚያ አካል ውስጥ ካሉት ሦስት አባላት አንዱ ከመሆን ያለፈ ሥልጣን የለውም። «የቤታችሁ ግብር በድንገት እንዳያሻቅብ እከላከላለሁ» የሚለውም እንዲሁ ነው። በ1978 የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 13 መሠረታዊውን የንብረት ግብር ከተገመተው ዋጋ 1 በመቶ ላይ ገድቦታል፣ ግምቱም ንብረቱ ባለቤት እስካልቀየረ ወይም አዲስ ግንባታ እስካልተጨመረበት ድረስ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳያድግ ከልክሏል። በ600,000 ዶላር የተገዛ ቤት በቀጣዩ ዓመት ሊገመት የሚችለው ቢበዛ 612,000 ዶላር ነው፤ ይህን ጣሪያ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ በቦርዱ አባል እጅ አይደለም። የአንድ ቤት ግምት ላይ ያለ ቅሬታም የሚቀርበው ለካውንቲው እንጂ ለዚህ ቦርድ አይደለም። እንዲህ ያለውን ቃል የሚገባ እጩ ወይ ሥራውን አያውቀውም፣ ወይ መራጩ እንደማያውቀው ገምቷል፤ ሁለቱም ድምፅ ለመንፈግ በቂ ምክንያት ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ ለየትኞቹ መቀመጫዎች ድምፅ እንደሚሰጡ ይወቁ። ቦርዱ አምስት አባላት አሉት። አራቱ ግዛቱ በተከፈለባቸው አራት የምርጫ ክልሎች አንድ አንድ ሆነው ይመረጣሉ፤ አምስተኛው መቀመጫ የግዛቱ ኮንትሮለር ነው፣ እርሱም የግዛቱን ሒሳብና ክፍያ የሚቆጣጠር፣ በመላው ግዛት የሚመረጥ ባለሥልጣን ነው። በዚህም ምክንያት አንድ መራጭ ከአምስቱ መቀመጫዎች በሁለቱ ላይ ድምፅ አለው፤ የኮንትሮለሩን ምርጫ ከቦርዱ ለይቶ የሚያይ ሰው ግማሹን መብቱን ሳያስበው ይጠቀምበታል። ክልሎቹ ከሕዝብ ቆጠራ በኋላ በየአሥር ዓመቱ የሚከለሱ ከመሆናቸውም በላይ እያንዳንዳቸው ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ይይዛሉ። አድራሻ ከቀየሩ ምዝገባዎን አስቀድመው ያስተካክሉ። አንድ አባል በዚህ ቦታ ከሁለት የሥራ ዘመን በላይ መመረጥ ስለማይችል፣ ነባሩ አባል የሌለበት ውድድር ሲመጣ እጩዎቹን መመርመር ይበልጥ አስፈላጊ ይሆናል።

ስለ እጩው መረጃ ለማግኘት ከስሙ ሥር በተጻፈው የሥራ መጠሪያ ብቻ አይርኩ። እጩው ቢበዛ በሦስት ቃላት ሥራውን እንዲገልጽ ሕጉ ስለሚፈቅድ፣ «የንግድ ሥራ ባለቤት» የመሰለው አጭር ሐረግ ከልምዱ ይልቅ የዘመቻ ምርጫውን ሊያሳይ ይችላል። የንብረት ግምት፣ የሒሳብ ወይም የግብር ሕግ ልምድ እንዳለው ይጠይቁ። ከዚያም የግዛቱን ምርጫዎች የሚያስተዳድረው ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ለሕዝብ ክፍት ባደረገው የዘመቻ ገንዘብ መዝገብ ውስጥ ለእጩው ማን እንደለገሰ ይመልከቱ። በለጋሾቹ መካከል ቦርዱ ዋጋቸውን የሚተምንላቸው ኩባንያዎች፣ ወይም በንብረት ግብር ጉዳይ በቦርዱ ፊት ለደንበኞቻቸው የሚከራከሩ ሰዎች ካሉበት፣ ነገሩን በጥሞና ሊያጤኑት ይገባል። የቦርዱ አባላት ከለጋሾቻቸው ጉዳይ ራሳቸውን እንዲያገልሉ የሚያዝዝ ሕግ ከ1990 ጀምሮ መኖሩ ራሱ አደጋው የታወቀ መሆኑን ያሳያል።

ምርጫው ሁለት ዙር አለው፤ የመጀመሪያው በጁን፣ ሁለተኛው በኖቬምበር ይካሄዳል። በጁን ሁሉም እጩዎች በአንድ ዝርዝር ይቀርባሉ፣ መራጩም በየትኛውም ፓርቲ ቢመዘገብ ወይም በምንም ባይመዘገብ የፈለገውን መምረጥ ይችላል። ከመካከላቸው ብዙ ድምፅ ያገኙት ሁለቱ ብቻ፣ ከአንድ ፓርቲ ቢሆኑም እንኳ፣ ወደ ኖቬምበር ያልፋሉ። በኖቬምበር ለዚህ ቦታ በዝርዝሩ የሌለ ሰው ስም ጽፎ ማስገባት አይቻልም። እንግዲህ የወደዱት እጩ ካለ ዋናው ቀን በጁን መሆኑን ይረዱ፤ ያን ጊዜ የቀረ መራጭ በኖቬምበር የሚመርጠው ሌሎች ከመረጡለት ሁለት ሰዎች መካከል ነው።

ለመመዝገብ የአሜሪካ ዜግነት፣ የካሊፎርኒያ ነዋሪነትና በምርጫው ቀን 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። መደበኛው ምዝገባ የሚያበቃው ከምርጫው 15 ቀን በፊት ሲሆን፣ ያ ካለፈ በካውንቲው የምርጫ ጽሕፈት ቤት ወይም በምርጫ ጣቢያ በአካል ተገኝቶ ተመዝግቦ በዚያው መምረጥ ይቻላል። ለእያንዳንዱ የተመዘገበ ንቁ መራጭ የድምፅ መስጫ ወረቀት በፖስታ ይላክለታል። በዚህ ቦታ አንድ እጩ ብቻ ይምረጡ፤ ሁለት ምልክት ካደረጉ የዚህ ውድድር ድምፅዎ አይቆጠርም። ወረቀቱ ከተበላሸብዎ ምትክ ይጠይቁ።

ብዙ ጥፋት የሚደርሰው በመመለሻው ፖስታ ላይ ባለው ፊርማ ነው። ካውንቲው ፊርማዎን በመዝገቡ ካለው ጋር ያመሳክራል፤ ስለዚህ ሲመዘገቡ ወይም መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ በአማርኛ ፊደል ፈርመው ከሆነ በፖስታውም ላይ በዚያው ይፈርሙ፣ በላቲን ፊደል ከሆነም እንደዚያው። ፊርማው ከተረሳ ወይም ካልተመሳሰለ ካውንቲው ደብዳቤ ይልካል፤ ደብዳቤው እንደደረሰዎ ሳይውሉ ሳያድሩ መልስ ይስጡ። ፖስታውን በምርጫው ቀን እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ በካውንቲው የድምፅ መሰብሰቢያ ሣጥን ማስገባት ይቻላል። በቋንቋ ወይም በጤና ምክንያት እገዛ የሚሻ መራጭ በምርጫ ጣቢያ እስከ ሁለት ሰው ድረስ ይዞ መግባት ይችላል፤ ረዳቱ ግን ቀጣሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ወኪል መሆን የለበትም።

አዲሶቹ አባላት ሥራ የሚጀምሩት በጃንዋሪ ነው። የቦርዱ ስብሰባዎች ለሕዝብ ክፍት ናቸው፣ ማንም ሰው ቀርቦ አስተያየት መስጠት ይችላል። የትልልቆቹን ኩባንያዎች ንብረት ዋጋ የሚያጸድቁት በሜይ ወር ስለሆነ፣ የመረጡት ሰው በምን ጉዳይ እንዴት ድምፅ እንደሰጠ ለማየት የዚያን ወር ስብሰባ ይከታተሉ።