ካባ ላይ የሚሠራ መሐንዲስ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ዙሪያ ጥቁር ድንጋይ በሚወጣበት ካባ ላይ የተመደበ ጀማሪ መሐንዲስ የመጀመሪያ ሳምንታቱን ኮንቴይነር ቢሮ ውስጥ ነው የሚያሳልፈው። ኤክሴል ይከፍታል፤ ሪፖርት ይሞላል። ድንጋዩን የሚያየው በመስኮት ነው። እኔም እንዲሁ ጀመርኩ። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች ግማሹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

የሌላ ካባ ልኬት መገልበጥ

በርደን የምንለው ፈንጂ ሊሞላበት ከተቆፈረው ቀዳዳ እስከ ድንጋዩ ግድግዳ ፊት ያለው ርቀት ነው። ለመነሻ ያህል የቀዳዳው ስፋት ከ25 እስከ 35 ጊዜ ይባዛል። ቀዳዳው 76 ሚሊሜትር ከሆነ ከ1.9 እስከ 2.7 ሜትር ገደማ ይመጣል። ችግሩ ይህን መነሻ የመጨረሻ መልስ አድርጎ መያዙ ነው። ባዛልት፣ ማለትም ጥቁሩ ድንጋይ፣ አንድ ዓይነት አይደለም። እዚህ ጋ እንደ ምሰሶ ተሰንጥቆ ይቆማል፤ ትንሽ ራቅ ሲባል እንደ እንጀራ ዓይናም ይሆናል። በሁለት የላቫ ንጣፎች መሃል ደግሞ ቀይ አፈር ሊገኝ ይችላል።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው ቀዳዳውን የሚቆፍረው ማሽን፣ የዋገን ድሪሉ፣ ኦፕሬተር ነው። መሰርሰሪያው ስንት ሜትር ላይ ድንገት እንደሰመጠ፣ የአቧራው ቀለም የት ላይ እንደተቀየረ ያውቃል። ማንም ስለማይጠይቀው ግን ዝም ይላል። ደብተር ስጡትና ቀዳዳ በቀዳዳ ይመዝግብ። አንፎ (ከአሞኒየም ናይትሬትና ከናፍጣ የሚቀላቀለው ፈንጂ) ሲሞላም ከረጢቱን ቁጠሩ። ቀዳዳው በስሌት ከሚይዘው በላይ እየዋጠ ከሄደ ውስጡ ክፍተት አለ ማለት ነው። እዚያው አቁሙ። ክፍተት ውስጥ የተጠራቀመ ፈንጂ ድንጋዩን መንደር ድረስ ሊልከው ይችላል።

የቀዳዳውን አፍ በአቧራ መድፈን

ይህኛው የኔ ነው። ቁፋሮው ያወጣው አቧራ እዚያው ቀዳዳው አጠገብ ተከምሮ ነበር። ቀርቧል፣ ነፃ ነው፤ በሱ አስደፈንኩ። ፍንዳታው አቧራውን እንደ ቡሽ አስፈንጥሮ ወጣ። የጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ የጥበቃውን ቤት ቆርቆሮ በስቶ ገባ። ጋሼ ደግነቱ እኛ ጋ መጠለያ ውስጥ ነበሩ። በኋላ የቆርቆሮውን ቀዳዳ እያዩ «ልጄ፣ ይሄኮ የምተኛበት ነው» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

አፉ መደፈን ያለበት በተፈጨ ደቃቅ ጠጠር ነው። ጠጠር ሲገፋ እርስ በርሱ ይነካከሳል፤ አቧራ ግን ይንሸራተታል። የድፋኑ ርዝመት ከበርደኑ 70 በመቶ በታች ባይወርድ ጥሩ ነው። ቀኑን ሙሉ ጠጠር የሚፈጭ ድርጅት ለቀዳዳ የሚሆን አንድ ገልባጭ ጠጠር ሲሰስት ማየት ያስቃል፤ ያናድዳልም።

በክረምት እንደ በጋ መሥራት

አንፎ ውኃ ሲነካው እንደ ስኳር ይሟሟል። ከሰኔ እስከ መስከረም ቀዳዳው ውኃ ካዘለ፣ ወይ ውኃው ይውጣ ወይ ኢመልሽን የሚባለው ውኃ የሚቋቋም ፈንጂ ይግባ። ብርቱካንማ ጭስ ካያችሁ ፈንጂው በትክክል አልነደደም። ጭሱም መርዝ ነው፤ እስኪጠፋ ማንም አይጠጋ። ያልፈነዳ ነገር ከተጠረጠረ ደግሞ መጀመሪያ የሚገባው የፍንዳታ ባለሙያው ብቻ ነው። ከባለፈው ፍንዳታ በተረፈ ቀዳዳ ውስጥ መልሶ መሰርሰር ፈጽሞ አይደረግም።

ግድግዳን ከሥር መቦርቦር

ፍንዳታ ያስፈራል፤ ስለዚህ ሰው ይጠነቀቃል። ዝም ብሎ የቆመ ግድግዳ ግን አያስፈራም። በተለይ ገረጋንቲና አሸዋ በእጅ በሚወጣባቸው ቦታዎች ሥሩ ለስላሳ ስለሆነ ሥሩን መብላት ይቀላል። ከላይ ያለው እንደ ጣሪያ ይንጠለጠላል። አንድ ሌሊት ይዘንባል፣ ጠዋት ይናዳል። የእርከኑ፣ ማለትም የአንዱ ግድግዳ ደረጃ፣ ቁመት እስካቫተሩ ከሚደርስበት መብለጥ የለበትም። ከዝናብ በኋላ ማንም ሥራ ሳይገባ መሐንዲሱ ከላይም ከታችም በእግሩ ይዙር። ከላይ አዲስ ስንጥቅ ካየ ከሥሩ ያለው ሰውም ማሽንም ይውጣ። ፎርማኑ «ትናንትም እንዲሁ ነበር» ይላችኋል። አትስሙት።

ኪዩብን ከኪዩብ ማምታታት

በርደኑ 2.5፣ በቀዳዳዎቹ መሃል ያለው ርቀት 3፣ የእርከኑ ቁመት 10 ሜትር ይሁን። አንድ ቀዳዳ 75 ሜትር ኩብ ይሰጣል። ይህ ግን ሳይፈነዳ ነው። ሲፈነዳ በመሃሉ አየር ገብቶ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ወደ 112 ሜትር ኩብ፣ ባለ 16 ሜትር ኩብ ሲኖትራክ ሰባት ምልልስ ማለት ነው። ቁፋሮን በአንዱ፣ ጭነትን በሌላው እየመዘገቡ ወር መጨረሻ ላይ «ድንጋይ ተሰረቀ» የሚባባሉ ሰዎች አይቻለሁ። ማንም አልሰረቀም።

ከጎረቤት ጋር ክርክር መግጠም

«ካባው ነው የቀደመ፣ ሰፈሩ ኋላ መጣ» ማለት እውነት ሊሆን ይችላል። ግድግዳቸው ለተሰነጠቀ እማማ ግን መልስ አይሆንም። ሰዓቱን አስቀድማችሁ ንገሩ፣ ሳይረን ይጮህ፣ ከፍንዳታው በፊት የቤቶቹን ስንጥቅ ፎቶ አንሱ።

አፈሩን ቅርብ ቦታ መድፋት

ከድንጋዩ በላይ ያለው ዋልካ ሲነሳ ሁሉም ቅርቡን ይመርጣል፤ ናፍጣ ይቆጥባል። አንድ ጊዜ እንዲህ የደፋነው ክምር ሥሩ ምርጡ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። በሁለተኛው ዓመት ያንኑ አፈር እንደገና ጭነን፣ እንደገና ከፍለን አነሳነው።