አውሮራን እንዴት ማየት፣ ቀለሙንስ እንዴት ማንበብ ይቻላል?

አውሮራን፣ በዋልታዎቹ አካባቢ በሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየውን ባለቀለም ብርሃን፣ መጀመሪያ ሳየው ደመና መስሎኝ ነበር። ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ሜይ 10፣ 2024። ሚኒሶታ ውስጥ፣ ከሚኒያፖሊስ ወጣ ብሎ፣ አንድ የእርሻ መንገድ ዳር መኪናዬን አቁሜ ወደ ሰሜን አያለሁ። ከአድማሱ በላይ ሳሳ ያለ አመድማ ነገር ተዘርግቷል። ከዋክብቱ ግን በውስጡ አልፈው ይታያሉ። ደመና ቢሆን ይሸፍናቸው ነበር። ስልኬን የመኪናው ጣራ ላይ አስደግፌ ለሦስት ሰከንድ አነሳሁት። ስክሪኑ ላይ የወጣው ለምለም አረንጓዴ ነው፤ ከበላዩ ደግሞ ደም የመሰለ ቀይ።

ዓይኔና ካሜራው ለምን ተለያዩ? ቀዩስ ለምን ከላይ ሆነ? ከምንጩ እንጀምር።

1. ከየት እንደሚመጣ ይወቁ

መነሻው ፀሐይ ናት። ከፀሐይ ያለማቋረጥ ኤሌክትሪክ ያዘሉ ቅንጣቶች ይወጣሉ፤ የፀሐይ ነፋስ ይባላል። አንዳንዴ ደግሞ በቢሊዮን ቶን የሚቆጠር ትኩስ ጋዝ በአንድ ጊዜ ትተፋለች። ይህ እኛ ጋ ለመድረስ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ይፈጅበታል። ደርሶ የምድርን ማግኔት ሲያናውጥ ማዕበል ይባላል። የዚያ ግንቦት ማዕበል የመጣው ስፋቱ የምድርን 15 እጥፍ ያህል ከሚሆን የፀሐይ ጥቁር ነጥቦች ስብስብ ነው። በጥንካሬው እርከን ከፍተኛው ላይ ደርሷል፤ ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ እንዲህ ያለ አልታየም ነበር።

ብዙ ሰው ቅንጣቶቹ ከፀሐይ ተነስተው በቀጥታ ዋልታዎቹ ላይ የሚዘንቡ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ምድር የማግኔት ጋሻ አላት። የፀሐይ ነፋስ ይህን ጋሻ በሌሊቱ ወገን እየጎተተ እንደ ጅራት ያረዝመዋል። የወንጭፍ ላስቲክ ሲለጠጥ ያስቡ። ልክ ሲያልፍ ጅራቱ ይበጠስና ወደ ምድር ይመለሳል። ያኔ ኤሌክትሮኖች በማግኔቱ መስመሮች ላይ ወደ ዋልታዎቹ ዙሪያ ይስፈነጠራሉ፤ ላይኛውን አየር ይመታሉ። የተመታው ጋዝ የተቀበለውን ጉልበት ብርሃን አድርጎ ይመልሳል። የማርያም መቀነት የፀሐይ ብርሃን በዝናብ ጠብታ ሲበተን የሚታይ ነው። አውሮራ ሲታይ ግን የሚያበራው አየሩ ራሱ ነው፤ እንደ ኒዮን መብራት።

2. ቀለሙን ከከፍታው ጋር ያያይዙ

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ቀለሙን ካዩ ከፍታውን መገመት ይችላሉ።

አረንጓዴው በብዛት ከ100 እስከ 200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ካለ ኦክስጅን ይመጣል። ቀዩም ያው ኦክስጅን ነው፤ ግን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ። አንድ ጋዝ ሁለት ቀለም የሚሰጠው በትዕግስቱ ምክንያት ነው። የተመታ የኦክስጅን አቶም አረንጓዴ ለመስጠት አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላበትም። ቀይ ለመስጠት ግን ወደ ሁለት ደቂቃ ያስፈልገዋል። ዝቅ ብሎ አየሩ ጠበቅ ባለበት ቦታ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ከሌላ ጋር ይጋጫል፣ ጉልበቱንም ያጣል። ከላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የሚነካው የለም። ስለዚህ ቀዩ ሁልጊዜ ከላይ ነው።

አውሮራው ሲበረታ ደግሞ የመጋረጃውን የታችኛውን ጫፍ ይመልከቱ። ልክ እንደ ነጠላ ጥለት ቀጭን ሮዝ መስመር ይወጣል። ይህ ከ100 ኪሎ ሜትር በታች ያለ ናይትሮጅን ነው። ሰማያዊና ሐምራዊ ካዩም የናይትሮጅን ነው።

ከሩቅ የሚያይ ሰው ቀዩን ብቻ የሚያየውም ለዚህ ነው። ተራራ ከሩቅ ሲታይ ጫፉ ብቻ ብቅ እንደሚል ሁሉ፣ አረንጓዴው ከአድማስ በታች ይቀራል። በዚያ ሌሊት ጀርመንና ጣሊያን የነበሩ ሰዎች ያነሱት ፎቶ ቀይ የበዛበት ነበር።

3. ቦታና ጊዜ ይምረጡ

አውሮራ የሚበዛው በማግኔት ዋልታዎቹ ዙሪያ ባለ ቀለበት ላይ ነው። የኖርዌይ ትሮምሶ፣ የስዊድን ኪሩና፣ የአላስካ ፌርባንክስና የካናዳ የሎውናይፍ እዚያ ናቸው። ሚኒያፖሊስ ወይም ስቶክሆልም ያለ ሰው ጠንከር ያለ ማዕበል መጠበቅ አለበት። ከኢትዮጵያ አይታይም፤ የምድር ማግኔት ወገብ የሚያልፈው በእኛ ላይ ነውና።

በሰሜን ያለው ወቅት ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኤፕሪል ነው። በእነሱ በጋ፣ በእኛ ክረምት፣ ሌሊቱ አይጨልምም። መስከረምና መጋቢት የተሻሉ ናቸው፤ የምድር ማግኔትና የፀሐይ ነፋስ ያን ጊዜ በቀላሉ ይያያዛሉ። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጠብቁ።

4. ትንበያውን ይከታተሉ

የአሜሪካው ኖአ የጠፈር አየር ጠባይ ማዕከል ትንበያውን በነፃ ያወጣል። የማዕበሉን ጥንካሬ የሚያሳየው፣ ኬፒ የሚባለው ቁጥር ከ0 እስከ 9 ነው። ለኪሩና 2 ይበቃል፣ ለሚኒያፖሊስ 6 አካባቢ ያስፈልጋል፣ ለዋሽንግተን ዲሲ 8 ወይም 9። እኔ ግን ከኬፒ ይልቅ ቢዜድ የሚባለውን አምናለሁ፤ የፀሐይ ነፋስ ይዞት የሚመጣው ማግኔት ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ መዞሩን የሚያሳይ ቁጥር ነው። የሚለካው ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀው ባሉ ሳተላይቶች ነው። ከዜሮ በታች ወርዶ እዚያው ከቆየ ጃኬት ይልበሱና ይውጡ፤ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ነው ያለዎት።

5. ዓይንዎንና ካሜራዎን ያዘጋጁ

ከከተማ መብራት ይራቁ። ከዋናው መንገድ ወጥተው ያቁሙ፣ የመኪናውን መብራት ያጥፉ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ስልክ ሳያዩ ይቆዩ። ዓይናችን በጨለማ ቀለም መለየት ያቅተዋል፤ ደካማ አውሮራ አመድማ የሚመስለን ለዚህ ነው። ሲበረታ አረንጓዴው በዓይን ይለያል።

ስልክ ከሆነ የሌሊት ሁነታውን አብርተው ከ3 እስከ 10 ሰከንድ ያንሱ፣ እጅዎ ግን አይያዘው። ካሜራ ከሆነ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ንቃት) 1600፣ ሌንሱን እስከ መጨረሻው ከፍተው ከ5 እስከ 10 ሰከንድ፤ ፎከሱን በእጅ ኮከብ ላይ ያድርጉ። ብርድ ባትሪ ይጨርሳል፤ ትርፉን የውስጥ ኪስዎ ውስጥ ይያዙ።

6. አንዴ ደብዝዞ ሲጠፋ አይሂዱ

አውሮራ ጸጥ ባለ ቅስት ይጀምራል። ከዚያ ድንገት ይደምቃል፣ ይሰባበራል፣ ለጥቂት ደቂቃ ይወዛወዝና ይበተናል። ላስቲኩ ግን እንደገና መለጠጥ ይጀምራል፤ ከአንድ ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ ሊመለስ ይችላል። በዚያ የግንቦት ሌሊት አጠገቤ የነበሩት መኪኖች ግማሾቹ ከመጀመሪያው በኋላ ሄዱ። ሁለተኛው ሲመጣ በሰሜን አልነበረም። አናታችን ላይ ነበር፤ ጨረሮቹ ከየአቅጣጫው መጥተው እንደ ጃንጥላ ዘንጎች አንድ ነጥብ ላይ ይገናኙ ነበር።