ሻጋታ የያዘውን የካሜራ ሌንስ እንዴት ማጽዳትና መጠበቅ ይቻላል

በሌንስ መስታወት ላይ እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቶ የሚታየው ነጭ ክር ሻጋታ ነው። ዘሩ በየትኛውም አየር ውስጥ ስለሚገኝ ወደ ሌንስ እንዳይገባ ማድረግ አይቻልም፤ የሚበቅለው ግን የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ60 በመቶ በላይ ሆኖ ሲሰነብትና ሌንሱም አየር በማይዘዋወርበት ጨለማ ስፍራ ሲቀመጥ ነው። ለምግብ አቧራና የጣት ቅባት ይበቃዋል። እያደገ ሲሄድ የሚያመነጨው አሲድ መጀመሪያ የመስታወቱን ልባጥ፣ ኋላም መስታወቱን ራሱን ስለሚበላ፣ ዛሬ በቀላሉ የሚጠረገው ነገር ሲቆይ የማይለቅ ጠባሳ ይሆናል።

በመጀመሪያ ሻጋታ መሆኑን ያረጋግጡ። አፐርቸሩን (ብርሃን የሚያልፍበትን የሌንሱን ቀዳዳ) እስከ መጨረሻው ከፍተው፣ በጨለመ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ ከሌንሱ ኋላ በሰያፍ ያብሩ። የተበታተነ ነጠብጣብ አቧራ ነው፤ መስታወቱን በሙሉ የሸፈነ ጉም አብዛኛውን ጊዜ ከውስጥ ቅባት የተነሣ ነው፤ ቅርንጫፍ እያወጣ የሚሄድ ክር ግን ሻጋታ ነው። ጥቂት ክር በፎቶው ላይ ብዙም አይታይም፤ ሲበዛ ግን በተለይ ወደ ብርሃን ሲነሣ ምስሉ ይደበዝዛል። በሽተኛውን ሌንስ ወዲያውኑ ከሌሎቹ ይለዩት።

ፀሐይ ላይ ማስጣት በብዙዎች ዘንድ የሚወደስ ዘዴ ነው፤ እኔ ግን አልመክረውም። አልትራቫዮሌት ጨረር ሻጋታን ሊገድል ቢችልም መስታወቱ ከጨረሩ ብዙውን ያስቀረዋል፣ የሞተውም ክር ከቦታው አይነሣም፤ ከዚህም በላይ ሌንስ ፀሐይን ሰብስቦ በአጠገቡ ያለውን ነገር ሊያቃጥል ይችላል።

ሻጋታው በውጭው ገጽ ላይ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ውስጥ ከሆነ ግን ሌንሱን መፍታት የግድ ይሆናል። ዙም ወይም አውቶፎከስ ያለውን ሌንስ ለባለሙያ መስጠት ይሻላል፤ ለመጀመሪያ ሙከራ የሚሆነው በእጅ የሚስተካከል አሮጌ ሌንስ ነው። የጃፓን ሌንሶች ብሎን ከተለመደው የመስቀል ካቻቢቴ ጋር በትክክል ስለማይገጥም የብሎኑ ራስ ይበላል፤ ለዚህ የተሠራውን ጄአይኤስ የተባለውን ይግዙ። መስታወቱን የሚይዘውን ቀለበት ለመፍታትም ሁለት ጫፍ ያለው የሌንስ መፍቻ ያስፈልጋል። በመቀስ ጫፍ መሞከር የሚያተርፈው ጭረት ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ቅደም ተከተሉንና አቅጣጫውን መጠበቅ ነው። የመጀመሪያውን ሌንሴን በፈታሁበት ቀን አንዱ መስታወት ከጣቶቼ አምልጦ ጨርቁ ላይ ተገለበጠ፤ ሁለቱ ገጾች ስለተመሳሰሉብኝ በግምት መልሼ ገጠምኩት። ከዚያ በኋላ የፎቶው መሐል ጥርት ያለ ሆኖ ጠርዙ ብቻ ሲደበዝዝ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ጥፋቱን በሻጋታው ላይ አሳበብኩ። ሌንሱን እንደገና ፈትቼ መስታወቱን ሳገላብጠው ነበር ችግሩ የተወገደው።

ስለዚህ መስታወቱን ከማንሣትዎ በፊት ጠርዙ ላይ ወደ ፊት የሚያመለክት ምልክት በእርሳስ ያድርጉ፣ እያንዳንዱን ደረጃ በስልክ ፎቶ ያንሡ፣ የወጣውንም ሁሉ በወጣበት ቅደም ተከተል ንጹሕ ጨርቅ ላይ ይደርድሩ። በመስታወቶቹ መካከል ያለው ስስ ቀለበት ርቀትን ስለሚወስን እርሱም ተራውን አይሳት። ፎከሱን የሚያዞረውን ጥርስ ግን ከናካቴው አይፍቱት፤ መግቢያው ከአንድ በላይ ስለሆነ በተሳሳተው ከገባ ሌንሱ ሩቅ ያለውን ነገር ጥርት አድርጎ አያሳይም። ሻጋታው በሙጫ በተጣበቁ ሁለት መስታወቶች መካከል ከሆነም እዚያው ያቁሙ።

ለማጽዳት አቧራውን በጎማ መንፊያ ካራገፉ በኋላ፣ የሌንስ ወረቀት በ3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አርጥበው ከመሐል ወደ ጠርዝ እያዞሩ በቀስታ ይጥረጉ፤ በአይሶፕሮፒል አልኮል ያድርቁት። አሴቶን ፕላስቲክና ቀለም ያበላሻል፤ በረኪናም በአጠገቡ አይድረስ። ሁለት ሦስት ጊዜ ተጠርጎ ያልለቀቀ ምልክት የተበላ ልባጥ ስለሆነ፣ አጥብቆ ማሸት ጉዳቱን ከማባባስ በቀር አይጠቅምም።

የጸዳው ሌንስ ወደ ቆዳ ማኅደሩ መመለስ የለበትም፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። አየር የማያስገባ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሣጥን፣ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄልና አነስተኛ የእርጥበት መለኪያ ከበቂ በላይ ናቸው። መለኪያው ከ40 እስከ 50 በመቶ ያሳይ፤ ከ30 በታች ማድረቅ ግን አያስፈልግም። ሲሊካ ጄሉ ቀለሙን ሲለውጥ በ120 ዲግሪ ገደማ በምድጃ አድርቀው እንደገና ይጠቀሙበት። ከቀዝቃዛ ቦታ ወደ ሞቃትና እርጥብ ቦታ ሲገቡ፣ ሌንሱ ሙቀቱን እስኪያስተካክል ድረስ ከተዘጋ ቦርሳ አያውጡት፤ አለበለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። በወር አንድ ጊዜ ሌንሱን አውጥተው ይጠቀሙበት፣ በባትሪውም ደግመው ይዩት።