«አቫውድ»ን ከስእለት ጋር አታምታቱት

የእንግሊዝኛ ዜና ስታነቡ «አቫውድ» (avowed) የሚለው ቅጽል ግራ ካጋባችሁ፣ እሱን አንሱና በቦታው «ራሱ በአደባባይ ነኝ ያለ» የሚለውን አስገቡ። ሐሳቡ ከሄደላችሁ ቃሉ ገብቷችኋል ማለት ነው።

ለምሳሌ አሜሪካዊው ሴናተር በርኒ ሳንደርስ «ዴሞክራቲክ ሶሻሊስት ነኝ» ብለው በግልጽ ይናገራሉ። ስለዚህ «አቫውድ ሶሻሊስት» ቢባሉ ልክ ነው። ተቃዋሚዎቹ ብቻ ሶሻሊስት የሚሉት ፖለቲከኛ ግን አቫውድ አይባልም። ወሳኙ ነገር ቃሉ ከማን አፍ ወጣ የሚለው ነው። በተለይ የምትተረጉሙ ሰዎች እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ ሰውየው ያላለውን እንዳለ ታደርጉታላችሁ።

ብዙዎቻችንን የሚያሳስተን «ቫው» (vow) የሚለው ቃል ነው። እሱ ስእለት ወይም ቃል ኪዳን ነው። ሁለቱ በድምፅ ቢመሳሰሉም የላቲን ሥረ መሠረታቸው ይለያያል። የአቫውድ ዘመድ «አድቮኬት» (ጠበቃ፣ ተሟጋች) ነው። ተቃራኒው ደግሞ «ዲስአቫው» ሲሆን በይፋ መካድ፣ «የለሁበትም» ማለት ነው።

ስትጽፉ ከስም በፊት አስቀምጡት። «ሂ ኢዝ አቫውድ» ብላችሁ ብቻውን ከተዋችሁት ለጆሮ አይጥምም።

ወደ አማርኛ ስትመልሱት ግን «ነኝ ባይ» አትበሉ። «አዋቂ ነኝ ባይ» ስንል ሰውየውን እየነቀፍን ነው፤ አቫውድ ግን በራሱ ነቀፋ የለበትም። «አቫውድ ኤም» ሲባል ብቻ ትንሽ ቆም በሉ። በይፋ የተነገረ ዓላማ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ጸሐፊው ከጀርባው ሌላ ዓላማ እንዳለ እየጠቆመ ይሆናል።