በከተማው ዳርቻ የፊልም፣ የሙዚቃና የግጥም ፌስቲቫል እንዴት ይዘጋጃል?

አዲስ አበባ ውስጥ ግጥምን ከሙዚቃ ጋር መስማት የሚሻ ሰው መዳረሻው መሀል ከተማ ነው። ጦቢያ ግጥም በጃዝ ስሙን የተከለው በራስ ሆቴል ነው፤ የጎተ ኢንስቲትዩትና የአልያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ የፊልም ምሽቶችም ከመሀል አይርቁም። የአያትን፣ የጀሞን፣ የሰበታን ወይም የሱሉልታን ነዋሪ ግን ከመድረኩ በላይ የሚያሳስበው የመመለሻ ታክሲ ነው። ዝግጅቱ ወደ ዳርቻው ቢመጣ ይቀላል። ሰውም እዚያ አለ፦ መሬቱን ሲያርስ የኖረ የኦሮሞ ቤተሰብ፣ ከመሀል ከተማ ተነስቶ ኮንዶሚኒየም የገባ፣ ለግንባታ ሥራ ከወላይታና ከጉራጌ የመጣ፣ ከኤርትራ ወይም ከሱዳን ተሰዶ ቤት የተከራየ። በአንድ ታክሲ ይሳፈራሉ፣ ከአንድ ጉሊት ይገዛሉ፤ አንዱ የሌላውን ዘፈን የሚሰማው ግን በሠርግ ቀን፣ ያውም በግድግዳ አልፎ ሲመጣ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ከ100 እስከ 150 ሰው ለሚይዝ የአንድ ቀን ፌስቲቫል ነው። ከዚያ የሚበልጥ ሕዝብ የምትጠብቁ ከሆነ መሣሪያውም ፈቃዱም ይለያል።

ቀኑን ከጾም፣ ከዝናብና ከሠርግ አስታርቁ

የአየሩ ጉዳይ ቀላል ነው። ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ከየካቲት በኋላ በልግ ሊዘንብ ይችላል። በመስከረም መጨረሻ ሜዳው ገና ጭቃ ነው፤ ኢሬቻም በዚያው ሰሞን ስለሚከበር መንገዱ ይጨናነቃል። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። ከጥምቀት በኋላ ያለው ጊዜ ደረቅና ደስ የሚል ቢሆንም የሠርግ ወቅት ነውና ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድምፅ ማጉያው ሁሉ ሙሽሮች እጅ ገብቷል፤ የተረፈውም ዋጋው አይቀመስም። ብዙም ሳይቆይ ዐቢይ ጾም ይከተላል። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ቀደም እያለ ስለሚመጣ የዘንድሮውን ቀን ማጣራት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሲቀናነስ የሚተርፈው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር 14 ያለው ጊዜ ነው። ቅዳሜን ምረጡ። ብርዱን ግን አትናቁት፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሱሉልታ ላይ ደግሞ ይብሳል። በማስታወቂያው ላይ «ጋቢ ይዛችሁ ኑ» ብላችሁ ጻፉ።

ፈቃዱ፦ መጀመሪያ የማን መሬት እንደሆነ እወቁ

በዳርቻው አንድ አስፋልት ስትሻገሩ አስተዳደሩ ይለወጣል። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ እዚያ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ደብዳቤያችሁም በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ። በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ክልል ውስጥ ከሆናችሁ በአማርኛ። በሁለቱም ወገን ወደ ወረዳው የባህልና ኪነ ጥበብ ጉዳይ ክፍል አንድ፣ ለፖሊስ አንድ፣ ለቦታው ባለቤት (ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት ነው) አንድ ደብዳቤ ይሄዳል። ቀኑን፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ሰዓት፣ የሚጠበቀውን የሰው ብዛትና ዝርዝር መርሐ ግብሩን አያይዙ። ከአንድ ወር በፊት ጀምሩ፤ የገባበትን ቁጥርና ማኅተም የያዘውን ቅጂ በዕለቱ አስተባባሪው ኪሱ ውስጥ ይያዘው።

ዕድሩን ያላማከረ አይጀምር

ወንበር፣ አግዳሚ፣ ድንኳንና ብርጭቆ ያለው ዕድር ዘንድ ነው፤ ኪራዩም ከሠርግ ዕቃ አከራዮች ይረክሳል። ከዕድሩ ሰብሳቢ ጋር ስትዋዋሉ ግን አንድ ነገር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፦ በዚያ ቀን ሰፈር ውስጥ ሰው ቢሞትስ? ድንኳኑ ወደ ሐዘን ቤት ይሄዳል፤ ይህ አያከራክርም። ዘፈኑም ይቀራል። ስለዚህ የምትዘረጉት ትርፍ ሸራ ይኑራችሁ፤ በመርሐ ግብሩም ላይ ያለ ማጉያ ሊነበብ የሚችለውን የግጥም ክፍልና ድምፁ ዝቅ ብሎ ሊታይ የሚችለውን ፊልም ለይታችሁ ያዙ። ሐዘኑ አጥር ለአጥር ከሆነ ሁሉንም ለሚቀጥለው ቅዳሜ ማዛወር ይሻላል፤ ሙዚቀኞቹም ይህን ከመጀመሪያው ይወቁት።

በስብሰባው ላይ አንድ ብልጥ «በዕድሩ ጥሩምባ እናስነግር» ማለቱ አይቀርም። እንዳትሞክሩት፤ ሰፈሩ ነጠላውን ዘቅዝቆ ይወጣል። ማስታወቂያውን በታክሲ ተራ፣ በዳቦ ቤትና በወፍጮ ቤት በር ላይ ለጥፉ።

ለእያንዳንዱ ቋንቋ የየራሱን ሰዓት አትስጡ

ከሁሉ የማጠብቀው ይህን ነው። «ከ9 እስከ 10 የኦሮምኛ፣ ከ10 እስከ 11 የጉራግኛ» የሚል መርሐ ግብር ለአዘጋጁ ይመቻል፤ ተመልካቹ ግን የራሱ ተራ ሲደርስ ይመጣል፣ ሲያልቅ ይሄዳል፤ በአንድ ሜዳ ላይ አምስት ትንንሽ ዝግጅቶች ይሆናሉ። በቋንቋ ፈንታ በጉዳይ አዋቅሩት። ሁሉም የሚያውቀውን አንድ ነገር ውሰዱ፦ ውኃ፣ መንገድ፣ ቤት፣ እናት። ጉዳዩ «ቤት» ከሆነ ስለ ጎጆ የተገጠመ የአፋን ኦሮሞ ግጥም፣ ስለ ኪራይ ቤት የተገጠመ የአማርኛ ግጥም፣ ከዚያ በክራር የሚዜም የስደት ዜማ በአንድ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ይከታተላሉ። የራሱን ሊሰማ የመጣ ሰው የጎረቤቱን ሳይሰማ አይወጣም። የባህል ልብስ አስለብሶ በሰልፍ ማሳለፍንም ለሌላ በዓል ተዉት።

ግጥሙ

ለአንድ ገጣሚ 7 ደቂቃ በቂ ነው። ግጥሙ መጀመሪያ በራሱ ቋንቋ፣ ያለ ምንም ማብራሪያ ይነበብ፤ ዜማውና ምቱ ጆሮ ውስጥ ይግባ። ከዚያ ሌላ ሰው ትርጉሙን ያንብብ። ትርጉሙ ከሁለት ሳምንት በፊት ተሠርቶ ገጣሚው ራሱ ሊያየው ይገባል፤ መድረክ ላይ ቆሞ «እንግዲህ እዚህ ጋ እንዲህ ለማለት ፈልጎ ነው» የሚል አስተርጓሚ ምሽቱን ይገድላል።

ለዚህ ደንብ ሁለት የተለዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ቅኔ ነው። የቅኔ መምህር ልትጋብዙ ከቻላችሁ ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ይዘርፍላችሁ፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ለጀማሪ ጆሮ ይከብዳል። ሰሙንና ወርቁን ራሱ ይፍታው፤ በቅኔ ቤትም ከዘረፋው ቀጥሎ ማብራራት የቆየ ወግ ነውና ጊዜ አትንፈጉት። ሁለተኛው የኦሮሞ የጀግንነት ዜማ የሆነው ገረርሳ ነው። በወንበር ተቀምጦ ከወረቀት የሚነበብ አይደለም፤ ገረርሳ አዋቂው ቆሞ በዜማ ይለዋል፣ አድማጩም ያጅበዋል። ከአማርኛው ሽለላና ፉከራ ጋር አቀራርባችሁ ብታስከትሉት ሁለቱም ወገን የጀግና ውዳሴውን ወዲያው ይለየዋል። ነገር ግን ቃሎቹን አስቀድማችሁ ስሙ፤ ፉከራ ሌላውን ወገን ዝቅ የሚያደርግ ስንኝ ሊያመልጠው ይችላል፤ እንዲህ ባለው መድረክ ደግሞ ምሽቱን ለማበላሸት አንድ ስንኝ ይበቃል።

ሙዚቃውን በፀሐይ፣ ፊልሙን በጨለማ

ማሲንቆና ከበሮ ቆዳ ናቸው፤ አየሩ ሲረጥብ ይላላሉ። ስለዚህ የባህል መሣሪያዎቹን ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓት አስቀድሟቸው። ዐሥር አውታር ያለውን በገና ከኪቦርድ ቀጥሎ አታስገቡት፤ ዝግ ያለ ድምፁ ይዋጣል። ማይክሮፎኑን ወደ አውታሮቹ አስጠግታችሁ፣ ሌላውን ሁሉ ዘግታችሁ፣ ሰው እንዲቀመጥ ጠይቁ። ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ቅኝቶች ሁለቱን እንኳ እየነጠለ በክራር የሚያሳይ ተጫዋች ካገኛችሁ፣ ከሱዳን ወይም ከኤርትራ የመጣ ሙዚቀኛ አብሮት ይሞክር፤ ክራር የሚመስሉ መሣሪያዎች እዚያም ስላሉ ለመግባባት ብዙ ቃል አያስፈልጋቸውም።

በዚህ ወቅት ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ለመጨለም 20 ደቂቃ ያህል ይበቃታል። ያኔ የመግሪብ አዛን ይሰማል። ማጉያውን ዝጉና ቡና ይቅረብ፤ ፊልሙም ብርሃን እያለ አይታይምና ምንም አልከሰራችሁም። ቆሎና ዳቦ ከማንም ጾምና ሃይማኖት ጋር አይጋጭም።

ፊልሙ

ለሸራ አቡጀዲ ይሆናል፤ 3 ሜትር ስፋት አሰፍታችሁ በአራቱም በኩል በገመድ ወጥሩት፤ የታችኛው ጠርዝ ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ ይበል። ሜዳው ነፋሻ ከሆነ ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ጋር አስጠጉት፤ አለዚያ ነፋሱ ምሰሶውን ጭምር ይጥለዋል። የፕሮጀክተሩ የብርሃን መጠን ቢያንስ 3000 ሉመን ይሁን፤ አብዛኞቹ ተራ ፕሮጀክተሮች ይህን ስፋት የሚሰጡት ከ4.5 እስከ 6 ሜትር ርቀት ላይ ነው። መብራት መጥፋቱን እንደሚጠፋ አድርጋችሁ ያዙት። ጄኔሬተሩን ከሕንፃ ጀርባ፣ ከተመልካቹ 30 ሜትር ያህል አርቁ፤ ኮምፒውተሩንና ፕሮጀክተሩን በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) አገናኙ፤ የጋለ አምፖል በድንገት ሲቋረጥ ዕድሜው ያጥራልና።

አጫጭር ፊልሞችን ምረጡ፤ ሁሉም ተደምረው ከ70 ደቂቃ አይብለጡ፤ ንግግር የሚያንሰው ይቅደም። ከዩቲዩብ የወረደ ፊልም የእናንተ አይደለም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በአደባባይ ለማሳየት የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የደራሲ መብት ደግሞ ካረፈ በኋላ እንኳ 50 ዓመት ይቆያል። ከተማ ውስጥ ፊልም የሚማሩ ወጣቶች ሥራቸውን የሚያይ ሰው ስለሚፈልጉ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ይፈቅዱላችኋል።

የግርጌ ትርጉሙን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። በኖትፓድ ከሰዓቱ ጋር ጽፋችሁ በኤስአርቲ (.srt) ዓይነት፣ በዩቲኤፍ-8 (UTF-8) አስቀምጡት፤ አለዚያ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። የፋይሉ ስም ከፊልሙ ስም ጋር አንድ ይሁን። በቪኤልሲ (VLC) ማጫወቻው የግርጌ ጽሑፍ ማስተካከያ ውስጥ ኒያላን ወይም አቢሲኒካን የመሰለ የግዕዝ ፊደል ምረጡ፣ መጠኑንም ከፍ አድርጉ። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር በላይ አይውጣ። ፈጥነው ማንበብ የማይችሉ አዛውንቶችና ሕፃናት ይኖራሉ፤ ለእነርሱ አንድ ድምፁ የሚያምር ሰው ከሸራው አጠገብ ተቀምጦ ዋና ዋናውን ንግግር በማይክሮፎን ቢያነብ፣ በድሮ ቪዲዮ ቤት ያደገው ትውልድ ደስ ብሎት ይሰማዋል።

ከማታው 2 ሰዓት ላይ አብቁ

ከዚያ በኋላ ታክሲ ማግኘት ይከብዳል። ከሳምንት በፊት ወደ ታክሲ ተራ ሄዳችሁ ተራ አስከባሪዎቹን አነጋግሩ፤ ሁለት ሦስት ሚኒባስ ለዚያ ሰዓት እንዲጠብቁ ይስማማሉ። ከያኒያኑን በዚያው ምሽት፣ ሸራው ከመውረዱ በፊት ክፈሉ፤ «ሰኞ ደውሉልን» የተባለ ማሲንቆ ተጫዋች ለሚቀጥለው ዓመት አይመጣም። እሑድ ጠዋት ሜዳውን አጽዱ፣ የዕድሩን ወንበር ከሰብሳቢው ጋር ቆጥራችሁ መልሱ፤ የጎደለ ብርጭቆ ካለ ሳይጠይቋችሁ ክፈሉ።