የመጀመሪያ ጊታር ስትገዙ ክሩን ተጭናችሁ እዩ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የመጀመሪያ ጊታራችሁን ልትገዙ ነው? ቀለሙንና ስሙን ለጊዜው ተዉት። ዋናው ነገር ክሩ ከአንገቱ ምን ያህል እንደራቀ ነው። 12ኛው ፍሬት ላይ እዩት (ፍሬት ማለት አንገቱ ላይ በአግድም የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ናቸው፤ ከጊታሩ ራስ በኩል ቁጠሩ)። የብረት ክር ከሆነ ከ3 ሚሊ ሜትር ብዙም አይራቅ፤ ናይለን ከሆነ እስከ 4 ድረስ ችግር የለውም። ከዚያ በላይ ከራቀ ጣት ያሳምማል። ስንት ጎበዝ ልጅ በዚህ ተማርሮ ጊታሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል!

ቀጥሎ እያንዳንዱን ክር በየፍሬቱ ተጭናችሁ ምቱት። "ዝዝዝ" የሚል ካለ ሌላ ይምጣ በሉ።

ለጀማሪ ጣት ናይለን ይቀላል። ግን በናይለን ጊታር ላይ የብረት ክር እንዳትገጥሙ፤ ውጥረቱ ክሩ የታሰረበትን እንጨት ሊነቅለው ይችላል።

ከተቻለ የሚጫወት ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ። ትዝታን በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይጫወትላችሁ፤ ከዚያ ባቲን፣ ከዚያ አምባሰልን። በእነዚህ ቅኝቶች ያደገ የወሎ ጆሮ ድምፁ ሲዛነፍ ወዲያው ይሰማዋል። እመኑት!

መቃኛ ለብቻው አትግዙ። ስልክ ላይ በነፃ የሚጫን አለ። በተረፈው ብር ትርፍ ክር ያዙበት።