ለመጀመሪያው የቪዲዮ ኤዲቲንግ ኮምፒውተርዎ ዕቃ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በውስን ገንዘብ የኤዲቲንግ ኮምፒውተር ለመገጣጠም የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከግራፊክስ ካርዱ ይጀምራል። አለዚያም "ኮር አይ7 ነው ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። መጀመር ያለበት ግን ኤዲት ከሚያደርገው ፋይል ነው። ካሜራዎ ወይም ስልክዎ የሚያወጣው ፋይል ምን ዓይነት እንደሆነ ካላወቁ የትኛው ዕቃ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ እንዳለብዎ ማወቅ አይችሉም። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ከዚሁ ነው።

የራስን ፋይል ሳያዩ ዕቃ መምረጥ

ካሜራ ቪዲዮን ጨምቆ ነው የሚያስቀምጠው። ዛሬ በብዛት የሚያገኟቸው የመጨመቂያ ዓይነቶች ኤች.264 እና ኤች.265 ናቸው። በሁለቱም ውስጥ አብዛኞቹ ፍሬሞች (ቪዲዮው የተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች) ሙሉ ሆነው አይቀመጡም፤ ከጎናቸው ካለው ፍሬም የሚለዩበት ነገር ብቻ ነው የሚመዘገበው። ስለዚህ ታይምላይኑ (ክሊፖቹ የሚደረደሩበት መስመር) መሀል ላይ ክሊክ ሲያደርጉ ኮምፒውተሩ ሙሉ ፍሬም እስኪያገኝ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ከዚያ ጀምሮ እየገነባ ወደ ፈለጉት ቦታ መምጣት አለበት። ምስሉ ቀጥ የሚለው፣ የሚንቀራፈፈው በዚህ ምክንያት ነው።

አዳዲስ ፕሮሰሰሮችና ግራፊክስ ካርዶች ይህን ሥራ ብቻ የሚሠራ ክፍል አላቸው። ያ ክፍል የእርስዎን ፋይል የሚያውቀው ከሆነ ርካሽ ኮምፒውተርም ያለ ችግር ያጫውታል። ካላወቀው ግን ሸክሙ በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል፤ ውድ ማሽን እንኳ ይጨናነቃል።

እንግዲህ ከመግዛትዎ በፊት ከካሜራዎ አንድ ክሊፕ ይውሰዱና ሚዲያኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይክፈቱት። ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ የመጨመቂያው ዓይነት (ኤችኢቪሲ ካለ ኤች.265 ማለት ነው)፣ የቢት መጠኑ (በሴኮንድ ስንት ሜጋቢት እንደሚመዘገብ)፣ እና 4:2:0 ወይም 4:2:2 የሚለው የቀለም አያያዝ (4:2:2 የበለጠ የቀለም መረጃ ይይዛል)። ከስልክ የሚወጣ ቪዲዮ አብዛኛውን ጊዜ 4:2:0 ነው፤ ይህ ለዘመኑ ዕቃዎች አያስቸግርም። 10 ቢት (ከተለመደው 8 ቢት የበለጠ የቀለም ደረጃ ያለው) 4:2:2 ካዩ ግን ቆም ይበሉ። ከአርቲኤክስ 50 ተከታታይ በፊት የወጡት የኤንቪዲያ ካርዶች 4:2:2ን የሚፈታ ክፍል የላቸውም። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ግን ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ኤች.265 ሆኖ 4:2:2 የተቀረፀውን አብሮ በተሠራው ግራፊክሳቸው ይፈቱታል። ለእንዲህ ዓይነት ፋይል መካከለኛ ኢንቴል ፕሮሰሰር ከውድ ካርድ የበለጠ ጥቅም ይሰጣል። አንዳንድ ካሜራዎች 4:2:2ን በኤች.264ም በኤች.265ም መቅረፅ ይችላሉ። ያኔ ኤች.265ን መምረጥ ብቻውን ታይምላይኑን ሊያቀልለው ይችላል።

በአንዲት ፊደል መሸወድ

ኮር አይ5-12400 እና አይ5-12400ኤፍ የሚባሉት ሁለቱም 6 ኮር (ሥራውን የሚሠሩ ክፍሎች) እና 12 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚካሄዱ የሥራ መስመሮች) አላቸው። ልዩነታቸው ኤፍ ያለበት አብሮ የተሠራ ግራፊክስ የሌለው መሆኑ ነው። ለጌም ተጫዋች ይህ ጥሩ ቅናሽ ነው፤ ካርድ መግዛቱ አይቀርምና። ኤዲተር ግን ከግራፊክሱ ጋር ኩዊክ ሲንክ የሚባለውን፣ አሁን ያወራንለትን ቪዲዮ ፈቺ ክፍል ያጣል። ትንሽ ገንዘብ ለማትረፍ ብሎ ለሥራው በጣም የሚያስፈልገውን ነገር መተው ነው። በዚያ ላይ ካርዱ ቢበላሽ ምስል የሚያወጣ ነገር የለም፤ ሥራው ይቆማል።

በኤኤምዲም በኩል ፊደሉን ልብ ይበሉ። ራይዘን 5 5600 ግራፊክስ የለውም፣ 5600ጂ ግን አለው።

ኢንቴሉን ከግራፊክሱ ጋር ገዝተው ካርድም ከጨመሩ ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብተው አብሮ የተሠራው ግራፊክስ መብራቱን ያረጋግጡ። አንዳንድ ማዘርቦርድ ካርድ ሲገባለት በራሱ ያጠፋዋል፤ ሰውም ኩዊክ ሲንክ እያለው ሳይጠቀምበት ይኖራል።

"አይ7" የሚለውን ስም ብቻ መግዛት

ኮር አይ7-4770 በ2013 ወጣ። ኮር አይ3-12100 በ2022 ወጣ። ሁለቱም 4 ኮር እና 8 ትሬድ አላቸው፤ ግን አይ3ው በእጅጉ ይፈጥናል። አሮጌው አይ7 ኤች.265ን የሚፈታ ክፍልም የለውም። ዋናው ቁጥር ከሰረዙ በኋላ ያለው፣ ትውልዱን የሚነግርዎ ነው። ከአገልጋይ ማሽን የወጡ ብዙ ኮር ያላቸው ዚዮን ኢ5 ፕሮሰሰሮችም በርካሽ ይገኛሉና ያጓጓሉ። እነሱም አብሮ የተሠራ ግራፊክስ የላቸውም፣ አንድ አንዱ ኮራቸውም ዘገምተኛ ነው።

ያገለገለ ዕቃ አይግዙ ማለቴ አይደለም። ለመጀመሪያ ማሽን ጥሩ መንገድ ነው። ከኢንቴል 7ኛ ትውልድ በታች አይውረዱ እንጂ፤ 10 ቢት ኤች.265 በ4:2:0 መፍታት የጀመሩት ከዚያ ነው።

በጀቱን ሁሉ ግራፊክስ ካርድ ላይ ማፍሰስ

የካርድ ግምገማዎች አብዛኞቹ ስለ ጌም ናቸው። በኤዲቲንግ መልሱ እንደሚጠቀሙት ፕሮግራም ይለያያል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በቀለም ሥራ፣ ኖይዝ (ምስሉ ላይ የሚታየውን ብናኝ መሰል ነጠብጣብ) በመቀነስና በኤፌክት ላይ ካርዱን አጥብቆ ይጠቀማል። ፕሪሚየር ፕሮ ላይ ቆርጠው ቀጥለው ጽሑፍ የሚጨምሩ ከሆነ ግን ፕሮሰሰሩና የፋይል ፈቺው ክፍል ይበልጣሉ።

ካርድ ሲመርጡ ፍጥነቱን ብቻ ሳይሆን የራሱን ሜሞሪ ይዩ። አርቲኤክስ 4060 ከአርቲኤክስ 3060 ይፈጥናል፤ ግን 8 ጂቢ ነው ያለው፣ 3060 ደግሞ በ12 ጂቢ ይገኛል። ሪዞልቭ ላይ በ4ኬ ታይምላይን ኖይዝ መቀነሻ ሲደራርቡ መጀመሪያ የሚያልቀው የካርዱ ሜሞሪ ነው። ሲያልቅ ደግሞ ሬንደሩ መሀል ላይ ይቆማል። በእንዲህ ያለ ሥራ ዘገም ያለው 12 ጂቢ ካርድ ይሻላል ባይ ነኝ። 3060 በ8 ጂቢም ስለተሠራ ካርቶኑን ሳያነቡ አይክፈሉ። ሥራዎ 1080ፒ ብቻ ከሆነ 8 ጂቢ ይበቃል።

ራም ላይ የነገን በር መዝጋት

16 ጂቢ መነሻ ነው፤ ለ4ኬ 32 ጂቢ ይመከራል። አንድ ትልቅ ራም ከመግዛት ሁለት እኩል ራም ይሻላል፤ ፕሮሰሰሩ ከሁለቱም በአንድ ጊዜ ያነባል። ርካሽ ማዘርቦርድ ብዙ ጊዜ ሁለት የራም ቦታ ብቻ ነው ያለው። ሁለት ባለ 8 ጂቢ ከሞሉበት፣ ወደ 32 ለማደግ ሁለቱንም አውጥቶ ሌላ መግዛት ግድ ይሆናል። ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 ደግሞ አይለዋወጡም።

ዲስክ ላይ ፍጥነት ገዝቶ ቦታ ማጣት

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ብዙ ካሜራዎች 4ኬን በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ይቀርፃሉ። ይህ 12.5 ሜጋባይት ነው። በአንድ ሰዓት 45 ጂቢ ይሆናል። በሴኮንድ 550 ሜጋባይት ገደማ የሚያነብ ተራው የሳታ ኤስኤስዲ እንዲህ ያሉ በርካታ ፋይሎችን በአንድ ጊዜ ያስኬዳል። ስለዚህ 7,000 ሜጋባይት የሚል ባለ 500 ጂቢ ዲስክ ከመግዛት፣ በዚያው ገንዘብ ቀርፋፋ ግን ሰፊ የሆነውን ይውሰዱ። ባለ 500ው ዊንዶውስና ፕሮግራሞቹ ከገቡበት በኋላ አሥር ሰዓት ቀረፃ እንኳ አይችልም።

የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ለማስቀመጫ ነው እንጂ ለኤዲቲንግ አይሆንም። ከአንድ ክሊፕ ወደ ሌላው መዝለል ይከብደዋል። ግን የግድ ይግዙት። ቀረፃውን አንድ ቦታ ብቻ የሚያስቀምጥ ሰው ዲስኩ የሞተ ቀን የደንበኛውን ሠርግ መልሶ መቅረፅ አይችልም። ካርድ በአንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎም ቢሆን የመጠባበቂያ ዲስክ መግዛት ይገባል፤ በዚህ አልደራደርም።

ፓወር ሰፕላይን በትልቁ ቁጥር መግዛት

ካርቶኑ ላይ 600 ዋት ይላል። ዕቃው ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ ይመልከቱ፦ 12 ቮልት በሚለው ስር 30 አምፒር ብቻ ካለ፣ ለፕሮሰሰሩና ለካርዱ የሚደርሰው 360 ዋት ነው። ትክክለኛ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ በዚያ መስመር ወደ 45 አምፒር ያሳያል። አይ5-12400 ሲጣደፍ እስከ 117 ዋት፣ አርቲኤክስ 3060 ደግሞ 170 ዋት ይወስዳሉ፤ ስለዚህ እውነተኛ 550 በቂ ነው። 80 ፕላስ የሚለው ምልክት የሚናገረው ኃይል ስለመቆጠብ ነው፤ ከኤሌክትሪክ ችግር የሚጠብቁት መከላከያዎቹ ጥሩ ስለመሆናቸው አይደለም።

ሞኒተሩን መርሳት

በሚያሳስት ሞኒተር ላይ ቀለም ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው። አይፒኤስ (ከጎን ሲታይም ቀለሙ ብዙ የማይለወጥ የስክሪን ዓይነት) ሆኖ ኤስአርጂቢን (የተለመደውን የቀለም መለኪያ) ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ይፈልጉ። 4ኬ መሆኑ ግዴታ አይደለም።

ፕሮክሲን ሳይሞክሩ መግዛት

ፕሪሚየርም ሪዞልቭም ከዋናው ፋይል ፕሮክሲ የሚባል ቀለል ያለ ቅጂ ይሠራሉ። በቅጂው ኤዲት ያደርጋሉ፤ ኤክስፖርት ሲደረግ ፕሮግራሙ ወደ ዋናው ይመለሳል። ቅጂውን በፕሮሬስ ወይም በዲኤንኤክስኤችአር ያድርጉት፤ በእነሱ እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው ስለሚቀመጥ ወደ ኋላ መሄድ አያስፈልግም። ቦታ ግን ይፈልጋሉ። አሁን ባለዎት ኮምፒውተር ላይ በአንድ ሙሉ ሥራ ይሞክሩት። ቆረጣው ከተቃለለና የሚያማርርዎት ኤክስፖርቱ ብቻ ከሆነ፣ አዲስ ማሽን ሳይሆን ኤስኤስዲና ራም ብቻ ሊበቃዎ ይችላል። ኤክስፖርቱን ሲተኙ ለቀውት ይደሩ።